ወረፋ ጠባቂው ቁልፍ ፈቺ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? ይህን ጥያቄ ለተማሪዎች ሳቀርብ ኖሬያለሁ። መጨረሻው ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ሰነፍ ሁልጊዜ "ምንም" ይላል፤ ፊት የተቀመጡት ደግሞ "ምንም"ን በደብተራቸው ይጽፋሉ። እኔም የተሻለ መልስ አልነበረኝም። ጡረታ ወጥቼ ብሮምሳይድ የምትባል የድሮ ከሰል ቆፋሪዎች መንደር ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው በመጣብኝ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚደቀነው አንድ ሰው ነው፦ ግድግዳ የሚጋራኝ ጎረቤቴ ከትበርት ስቶብስ። የእሱ ዕድሜ ቢጨመቅ የሚንጠባጠበው አንድ ቃል ይመስለኛል፤ "ይለፉ"።

ከትበርት ዕድሜውን የፈጀው ወተት በማደል ነው። በባትሪ የምትሄድ፣ በር የሌላት፣ ጠርሙሶቿ የሚንኳኩ መኪና ነበረችው። ያቺን መኪና ያላየ ሰው ዝግታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ አይበል። ዳገት ስትወጣ ውሻ ይቀድማታል፣ ቆሞ ይጠብቃታል፣ ሰልችቶት ይመለሳል። መንገዳችን ደግሞ ጠባብ ነው። ማለዳ ወደ ሥራ የሚቸኩለው ሁሉ ከኋላው ተሰልፎ ጡሩምባ ይነፋበታል፣ ወተት የሚያደርስለት ሰው ሳይቀር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይሰድበዋል። ከትበርት መልስ ሰጥቶ አያውቅም። እጁን አውጥቶ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለ ዳገቱን ይጨርሳል። መኪናዋን ያስረከበ ዕለት ለሚስቱ ለኖሪን "ከእንግዲህ በዚህ ምድር ላይ ማንም ሰው በኔ ምክንያት አይጠብቅም" አላት።

ቃሉንም ጠበቀ። ዳቦ ቤት ተሰልፎ ተራው ሲደርስ ወደ ኋላ ዞሮ "ይለፉ" ይላል። ከዚያም ለሚቀጥለው "ይለፉ"፣ ለሚቀጥለውም እንዲሁ። ዳቦው ያልቃል።

"ዳቦው የታለ?" ትላለች ኖሪን።

"ሰው ቸኩሎ ነበር።"

"አንተ ሰውዬ፣ አገር ሁሉ ሲቸኩል ያንተ ሆድ ብቻ ነው ጊዜ ያለው?"

እንዲህ ያለ ሰው የቴሌቪዥን መቅረጫ ቁልፍ ፈቺ ሆነ ቢሉ ማን ያምናል? ግን ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁላችንም ሳሎናችን ውስጥ የምናስቀምጠው ሳጥን ፕሮግራም ይቀርጻል፤ ጥራቱ ከፍ ያለውን ግን ሲቀርጽ ይቆልፈዋል። ቁልፉን ለማንም አይሰጥም። የቀረጸውን የሚያሳየው እሱ ራሱ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ከሞተ ሁሉም አብሮት ይቀበራል። ከትበርት ደግሞ ባሕር ማዶ ካሉ ብጤዎቹ ጋር በኢንተርኔት እየተጻጻፈ፣ ሳጥኑ የራሱን ቁልፍ በራሱ እንዲፈታ የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም አገኘ። የተፈታው በፍላሽ ይወጣና የትም ይታያል።

ችግሩ የሳጥኑ አእምሮ ትንሽ መሆኑ ነው። ሁለት ነገር እየቀረጸ ሦስተኛ እያሳየ ሳለ "ደግሞ ይህን ፍታ" ከተባለ ይደናገጣል። የተዋናይዋ ፊት እንደ መታጠቢያ ቤት ሸክላ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ይበተናል፣ ድምፁ ስቅ ይለዋል። ሌሎች ፈቺዎች ይህን እንደ ዕጣ ፈንታ ተቀብለውት ነበር። ከትበርት ግን ስንት ክረምት ከኋላው ጡሩምባ የተነፋበት ሰው ነው፤ ማንንም የሚያዘገይ ነገር በእጁ አይሠራም። ስለዚህ ፕሮግራሙን የራሱን ጠባይ አስተማረው። ፈቺው ከሁሉ ኋላ ይሰለፋል። ሳጥኑን የሚፈልግ ሰው ከመጣ ሥራውን ባለበት ትቶ ዳር ይይዛል። ማንም ከሌለ ብቻ ትንሽ ይፈታል። የመንደሩ ሰው ፈቺው ተተክሎለት፣ ሳጥኑ ሲሠራ የከረመ መሆኑን እንኳ ሳያውቅ የልጁን ሠርግ ቀን ዜና፣ የሞተችውን እናቱን በገበያ ስታልፍ የሚያሳይ ፕሮግራም በፍላሽ ይቀበል ነበር።

እንግዲህ ወደ ባሮ ሽንኩርቱ ልምጣ።

መስከረም በመጣ ቁጥር የሠራተኞች ክበባችን የባሮ ሽንኩርት ውድድር ያደርጋል። የከሰሉ ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲህ የዚህ መንደር ወንዶች መሬት የሚቆፍሩት ለዚሁ ብቻ ነው። አንዱ የሌላውን መደብ በአጥር ቀዳዳ ይሰልላል፤ ምን እንደሚያጠጣው ለሚስቱ እንኳ የማይናገር አለ። ከሁሉ የበረታው የኖሪን ወንድም ኖርማን ሊድል ነበር። የኖርማን ባሮ ሽንኩርቶች የሕፃን ጭን ያክላሉ፤ ለውድድር ሲያጥባቸው ክርስትና የሚያስነሳቸው ይመስላል። ከትበርትም ይተክላል፤ የአባቱን ዘር ይዞ በየዓመቱ አራተኛ ይወጣል።

በዚያ ዓመት የቴሌቪዥን ሰዎች ካሜራ ይዘው መጡ። ዳኞቹ ከመለካታቸው በፊት ከትበርት ስቶብስ፣ በመንደሩ ሁሉ ፊት፣ የኖርማን ባሮ ሽንኩርቶች ላይ ቁጭ አለ።

ተጨፈለቁ። ኖርማን ከውድድሩ ወጣ። "ምቀኛ! ሆን ብሎ ነው!" ብሎ ጮኸ፤ ኮሚቴው ከትበርትን ዕድሜ ልኩን ከውድድር እንዲያግድ አመለከተ። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ የቀረጸው ደግሞ የኖርማን ሳጥን ብቻ ሆነ። የከትበርት ሳጥን በዚያ ሰዓት የጎረቤት አደራ እየቀረጸ ነበር፤ ሌላው ሰው ያን ቀን ኳስ ነበረበት። ኮሚቴው ኖርማን ቤት ሄዶ እንዳያይ፣ የኖርማን ሚስት ግሌንዳ አዲስ ምንጣፍ አንጥፋለች፤ የባሮ ሽንኩርት አብቃዮች ጫማ እዚያ ላይ በሞቷ ካልሆነ አይረግጥም። ሳጥኑን ተሸክሞ ክበብ መውሰድም አይሆንም፤ የግሌንዳ ድራማ ይቋረጣል። በዚያ ላይ የሳጥኑ ሃርድ ዲስክ እንደ ደከመ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል።

ኖርማን አማቹ በር ላይ መጥቶ ቆመ። እኔ አጥር ላይ ተደግፌ ነበር።

"ቁልፍ የምትፈታው አንተ ነህ አሉ።"

"አዎ፣ ግባ ኖርማን፤ ሻይ ተጥዷል።"

"ሻይህን ጠጣው! ሳጥኔ ውስጥ ያለውን ፍታና ለኮሚቴው ስጥልኝ።"

"በራሴ ላይ ማስረጃ ላውጣ?"

"ሌላ የሚችል ቢኖር አንተ ደጅ እገተር ነበር? ከመቀመጥህ በፊት ዞረህ አይተሃል! ቅጂውን በየቀኑ ነው የማየው! ምርጥ ምርጡን አይተህ ነው የተቀመጥክበት!"

"አላስታውስም።"

"ሳጥኑ ያስታውሳል። ደግሞ ሳጥኔ እንዳይንቀራፈፍ! ግሌንዳ ድራማዋ ከተቆራረጠ የምትገድለው እኔን ነው።"

ኖርማን ከሄደ በኋላ ከትበርት ወደ አጥሩ ቀረበ። ፊቱ ወተት መስሏል።

"ፕሮፌሰር፣ ሰው አንድን ነገር ሆን ብሎ ያድርገው አያድርገው፣ ራሱ ያውቃል?"

"ይሄ እኮ ብዙ የተባለበት ነገር ነው" አልኩት፤ "በአንድ በኩል ካየነው..."

"አጭሩን።"

"አያውቅም።"

"አለቀልኝ እንግዲህ" አለ። "ሳያቸው ቀንቼ ነበር። ይሄን ያህል ትልቅ ነገር ከአፈር ወጥቶ አያውቅም ብዬ፣ ቀንቼ ነበር። ምናልባት ቂጤ ከኔ ቀድሞ ወስኖ ይሆናል።"



ማታ በግድግዳው በኩል የኖሪንን ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭን ግድግዳ ነው፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም። "ዝም ብለህ ብትቆይ እኮ ሳጥኑ በራሱ ይሞታል" አለችው።

"ይሞታል።"

"ማንም ምንም አያውቅም።"

"አያውቅም።"

"ታዲያ?"

"ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ ኖሪን።"

በማግስቱ የኖርማን ቤት ሄደ፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ገባ፤ ፈቺውን ተከለና ወጣ። ነገር ግን ግሌንዳ የምትባል ሴት የምትቀርጸው አያልቅም። የምግብ ውድድር፣ የቤት እድሳት፣ የድሮ ዕቃ ጨረታ፤ በላዩ የኖርማን የፈረስ እሽቅድምድም። ፈቺው በትሕትና ከኋላ ተሰልፎ "ይለፉ፣ ይለፉ" እያለ ከረመ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል።

"አለቀ?" ይላል ኖርማን በመንገድ ሲያገኘው።

"ወረፋ ላይ ነው።"

"ስንት ዘመን? ግፋውና ይቅደም!"

"ግሌንዳ እየቀረጸች እኮ ነው።"

"አንተ ሰው ነህ ወይስ የመንገድ ምልክት? ማስረጃው ሊሞት ነው፣ አንተ ትሰለፋለህ? አውቀህ ነው፣ አውቀህ ነው የምታዘገየው!"

ከትበርት በዕድሜው ብዙ ተሰድቧል፤ ይህቺ ግን ገባችበት። "አዘገየህ" የሚለው ያው የድሮው ጡሩምባ ነው። ቢሆንም ፈቺውን አላስቀደመውም። አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ ነበር የሚቀረው፤ የግሌንዳ የምግብ ውድድር ትንሽ ይንተባተባል፣ ስሙ ከሐሜት ይድናል። አልነካትም። ይህን ጽናት ልበለው ወይስ ድርቅና፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

ያዳነችው ኖሪን ናት። ወንድሟን ታውቀዋለች። እሑድ ምሳ ላይ ጥብስ ሥጋና በምድጃ ተነፍቶ የሚወጣውን የእናታቸውን ፑዲንግ ሠርታ ባልና ሚስቱን ጠራች። ኖርማን ከከትበርት ጋር ቢጣላም ከእናቱ ፑዲንግ ጋር አልተጣላም። ግሌንዳም የምትቀርጸው የሌለበት ብቸኛ ሰዓት ያቺው ናት፤ በቴሌቪዥን የእሑድ ቀትር ስብከት ብቻ ነው ያለው። እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ።

"ኖሪን፣ ለባልሽ ንገሪው፤ ስጎውን ያቀብለኝ" አለ ኖርማን።

"ስጎውን አቀብለው አለህ።"

"ይለፍ በይው" አለ ከትበርት፤ ስጎው አለፈ።

"ለባልሽ ንገሪው፤ ስጎው ጥሩ ነው፤ እሱ ግን አሁንም ምቀኛ ነው።"

"ሰምቶሃል፣ ደንቆሮ አይደለም። አፍህን ሳትዘጋ አታላምጥ።"

ግሌንዳ ፑዲንጉ እንዴት እንደሚነፋ ስትጠይቅ፣ ኖሪን ነገሩን ከዱቄቱ ጀምራ አስረዘመችው። ኖርማን ሁለተኛ ሳህን ጨርሶ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። በዚያች ሰዓት፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ ባዶ ሳሎን ውስጥ፣ ማንም ባልፈለገው ሳጥን ላይ ፈቺው ተራውን አገኘ። በዚያው ማታ ከትበርት ከኖርማን ቤት ሲመለስ ፍላሹ እጁ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ሳጥኑ ቀጭ ማለቱን ተወ፤ ሌላ ነገር ማለትንም አብሮ ተወ።

"አይተኸዋል?" አልኩት ፍላሹን እያየሁ።

"ኮሚቴው ይቅደም" አለኝ።

ክበቡ ጢም ብሎ ሞላ። የክበቡ ጸሐፊና መጠጥ ቀጂ ቤሪል፣ ድምጿ ጠርሙስ የሚሰብር ሴት፣ ሪሞቱን ይዛ "ተከሳሽ ከፊት ይቀመጥ!" አለች። ከትበርት ግን ሰው እንዳይከልል ብሎ ከኋላ ቆመ። መብራቱ ጠፋ።

በስክሪኑ ላይ ያለው ከትበርት የኖርማንን ባሮ ሽንኩርቶች አፉን ከፍቶ ያያል። ቅናቱ ፊቱ ላይ ቁልጭ ብሏል፤ ኖርማን "ያውላችሁ!" አለ። ከዚያ አንድ ካሜራ ያዥ የኋሊት ሲመጣ ከትበርት "ይለፉ" ብሎ ፈንጠር አለ። ከግራ ቤሪል ሻይ የተደረደረበት ትሪ ይዛ መጣች፤ "ይለፉ" ብሎ ወደ ቀኝ። ከቀኝ ቄሱ መጡ፤ "ይለፉ" ብሎ ወደ ኋላ። እዚህ ላይ ነው ዞር ብሎ ያየው፤ ያየው ግን ባሮ ሽንኩርቱን አልነበረም፣ ከኋላው የሚያልፍ ሰው እንዳለ ነበር። ማንም አልነበረም፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲጨምር ግን ሽንኩርቶቹ የተደረደሩበት ጠረጴዛ ጠለፈው። ቁጭ አለ።

ብድግ ብሎ ዞረና ለባሮ ሽንኩርቶቹ እጅ ነሳ። ይቅርታ ጠየቃቸው! ከዚያ ለኖርማን ይቅርታ ሊል ሲዞር ቤሪል ባዶ ትሪዋን ይዛ ተመለሰች። "ይለፉ" አለ። እንደገና ቁጭ አለ።

ክበቡ ተናጋ። ቤሪል ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ኖርማን ሳይስቅ ለመቆየት ሲታገል ሰው ሠራሽ ጥርሱ ወጥቶ የሰው ቢራ ውስጥ ገባ። ኮሚቴው ከትበርትን ድምፅ እንኳ ሳይሰጥ ነፃ አወጣው፤ ኖርማንም ጥርሱን አጥቦ መጣና "አንተ የማትረባ፣ ለባሮ ሽንኩርት ይቅርታ ጠይቀህ ለኔ ትተወዋለህ?" ብሎ አቀፈው። ከትበርት ቀይ ሆኖ ይስቅ ነበር፤ ምኑ እንዳሳቀው ግን ቆይቼ ስጠይቀው "ቂጤ ንጹሕ ነው" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየመስከረሙ፣ ሽልማት ከመሰጠቱ በፊት፣ ያ የተፈታ ቅጂ ይታያል። ቤሪል ሪሞቱን ስትነካካ አንዲት ቁልፍ አግኝታለች፤ ሁለተኛው መቀመጥ ላይ ሲደርስ ምስሉን ታዘገየዋለች። ከትበርት በአየር ላይ እጁን ዘርግቶ፣ "ይለፉ" የሚለው አፉ በዝግታ እየተከፈተ፣ እንደ ላባ ይወርዳል፤ አገር ይንጫጫል፣ "ገና! ገና!" ይላል፣ ኖርማን ከሁሉ በላይ። ከትበርት ደግሞ በየዓመቱ፣ የመጨረሻውንም ዓመት በከዘራ ተደግፎ፣ ከኋላ እጁን ያወጣ ነበር፦

"ቤሪል፣ እባክሽ በራሱ ፍጥነት አሳዪው፤ ሰው ሽልማቱን እየጠበቀ ነው።"

ማንም እሺ አላለውም።