ለኮምፒውተሩ የተያዘ ወንበር

ከአሰላ

ከአሰላ መናኸሪያ የተነሳሁት በጠዋት ነው፤ ጭላሎ ገና ጉሙን አላወለቀም። ሁለት ነገር ይዣለሁ። አንደኛው የሥራ ቦርሳዬ ሲሆን ቴስተር፣ መበየጃ፣ የብየዳ እርሳስና በጣሳ የታጨቁ፣ ኮንደንሰር የሚባሉ መብራት የሚያጠራቅሙ ፍሬዎች አሉበት። ሁለተኛው በጋቢ የተጠቀለለ ኪቦርድ ነው። እሱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ ያዝኩት።

የጉዞዬን ምክንያት ለመናገር ከቤቴ መጀመር አለብኝ። ደረጀ እባላለሁ፤ አሰላ ውስጥ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ከሱቄ ጀርባ ባለው ክፍል ግን የድሮ፣ ባለ ትልቅ ሆድ የኮምፒውተር ሞኒተሮች እሰበስባለሁ። ሰው ሲጥላቸው አነሳለሁ፤ ከፍቼ አቧራቸውን አራግፋለሁ፤ የደረቀ ኮንደንሰራቸውን እቀይራለሁ፤ ቢጫ የሆነ ፕላስቲካቸውን ከፋርማሲ የምገዛውን ፐሮክሳይድ ቀብቼ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ባለቤቴ አልማዝ ክፍሉን "የሆዳሞች ቤት" ትለዋለች። ትበል። ማብሪያውን ስጫን ሁሉም በአንድ ጊዜ አረንጓዴ፣ ብርቱካንማና ነጭ ሆነው ሲበሩ እሷም በር ላይ ቆማ እንደምታይ አውቃለሁ። በአርሲ እንዲህ ያለ ክፍል ሌላ ቦታ ካለ ያሳዩኝ።

መሃለኛው መደርደሪያ ላይ ግን ባዶ ቦታ ነበር። ጋቢ ውስጥ ያለውን ኪቦርድ ዲክሲስ ገበያ ከአንድ ቁራሌ ነው የገዛሁት። ኪቦርድ ይምሰል እንጂ ሙሉ ኮምፒውተር ነው፤ የድሮ ዘመን የቤት ኮምፒውተር አእምሮው ያለው እዚያው ከፊደሎቹ ሥር ነው። ችግሩ፣ ይህ ዓይነቱ ኮምፒውተር መብራት የሚያገኘው ከገዛ ሞኒተሩ መሆኑ ነው። ሞኒተሩ ከሌለ አይነሳም። ሞኒተሩም ያለ እሱ ከደብዛዛ አረንጓዴ ብርሃን በቀር ምንም አያሳይም። ጥንዱን ፈልጌ ፈልጌ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

በቅርቡ ቴሌቪዥን ሊያሠራ ከጎበሳ ከተማ የመጣ አስተማሪ ኪቦርዱን አየና፣ "ይሄ ባለ ቀለም መስመር ምልክት እትዬ በለጡ ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይም አለ" አለኝ። ስልክ ቁጥራቸውን ተቀብዬ እዚያው ደወልኩ።

"እትዬ፣ ኮምፒውተሩ አሁንም አለ?"

"አለ እንጂ! የት ይሄዳል?"

"ይሠራል?"

"ይሠራል። ኪቦርዱ ብቻ ነው የጠፋው።"

ስልኩን ዘግቼ "አገኘሁት!" ብዬ ስጮህ አልማዝ ሎተሪ የደረሰኝ መስሏት ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

እንግዲህ የምሄደው ያንን ሞኒተር ጠይቄ፣ ለምኜ፣ ላመጣው ነው። በጣም እርግጠኛ ስለነበርኩ ቅጥቅጡ አውቶቡስ ውስጥ ረዳቱ ሂሳብ ሲቀበለኝ የመመለሻዬንም አብሬ ሰጠሁት።

"ነገ ስትመለሱ ከጎኔ ያለውን ወንበር ያዝልኝ። እሱንም ከፍያለሁ።"

"ማን ነው የሚቀመጠው?"

"ኮምፒውተር።"

"ወንድሜ፣ ዕቃ ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው።"

"የእኔው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።"

ረዳቱ ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ከተተና፣ "እሺ፣ መስኮት ዳር ነው የሚፈልገው?" ሲለኝ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ለኮምፒውተር ወንበር የያዘ የመጀመሪያው የአሰላ ሰው ሳልሆን አልቀርም።

በሳጉሬ በኩል ወደ ጢቾ

እስከ ሳጉሬ መንገዱ አስፋልት ነው። ስንዴው ደርሷል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እስከ ተራራው እግር ድረስ ቢጫ ነው። ኮምባይነሮች ማሳ ዳር ተሰልፈው ጤዛው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ከሳጉሬ ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ግራ ስንታጠፍ ግን ኮረኮንቹ ጀመረን። መኪናው በዘለለ ቁጥር ኪቦርዱን ከፍ አደርገዋለሁ። ከጎኔ የተቀመጡት የገብስ ነጋዴ አቶ ጀማል እያዩኝ ቆዩና፣ "ታሞ ነው?" አሉኝ።

"አይ፣ ጤነኛ ነው፤ ብቸኝነት ነው ያስቸገረው" አልኳቸው። ነገሩን ካስረዳኋቸው በኋላ ቁልቁለት ላይ እሳቸውም በአንድ እጃቸው ይደግፉልኝ ጀመር።

እየወጣን ስንሄድ ብርዱ በረታ። ስንዴው ለገብስ፣ ገብሱ ለግጦሽ ቦታውን እየለቀቀ ሄደ። አንድ ኮረብታ ላይ ስንደርስ ከኋላችን የመጣንበት አገር በሙሉ ቁልጭ ብሎ ታየ። ተወልጄ ያደግሁበት አገር ነው፤ ግን እንዲህ ከላይ ሳየው ደረቴ ነፋ አለ።

ጢቾ ለምሳ ቆምን። አቶ ጀማል ጭኮ ጋበዙኝ፤ በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት ነው፤ ለብርድ ከእሱ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም። ከምግብ ቤቱ ማዶ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት መስኮት ላይ የማውቀው ዓይነት ሆድ ታየኝና እግሬ ወደዚያ ወሰደኝ። ሞኒተር ነው፤ አናቱ ላይ የአበባ ጣሳ ተቀምጧል።

"አካም ጅርታ፣ እህቴ? ይሄ ነገር የማን ነው?" አልኳት የሱቁን ባለቤት፣ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሬ።

"ነጋ፣ ደህና። የእኛ ነው። ኮምፒውተር ነው እኮ! ድሮ የምንሠራበት።"

"ሲፒዩውስ፣ ሳጥኑ?"

"እሱማ ተበላሽቶ ለቁራሌው ሰጠነው። ኮምፒውተሩ ግን ደህና ስለሆነ አስቀመጥነው።"

አንባቢ ሆይ፣ የእኔ ስብስብ ምስጢሩ ይህ ነው። በእኛ አገር ኮምፒውተር ማለት ፊቱ ነው። ፊደል የሚታይበት፣ እንግዳ ሲመጣ የሚታየው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ሳጥንና ገመድ ነው፤ ይጣላል። ሌላ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች ሲጽፉ አነባለሁ፤ ማሽኑ ሞልቷቸው ሞኒተር ይቸግራቸዋል፤ ትልቅ ነውና መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው። እኛ ዘንድ ግን በስህተት ተከብሮ ኖሯል። ባይሳሳቱ ኖሮ የእኔ ክፍል ባዶ ነበር። ልጅቷም አበባውን የምታስቀምጥበት ሌላ ቦታ ስታገኝ እንድትደውልልኝ ስልክ ቁጥሬን ትቼላት ተመለስኩ።

ጎበሳ

ጎበሳ የደረስነው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። እትዬ በለጡ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው የለበሱ ትልቅ ሴት ናቸው። ሳሎኑ ውስጥ በክብር ቦታው፣ ቴሌቪዥን ሊቀመጥ በሚገባው ጠረጴዛ ላይ፣ እስከ ጠርዙ በነጭ ዳንቴል የተሸፈነ ነገር አለ። ዳንቴሉን ቀስ ብለው ገለጡት። እሱ ነው። ባለ ቀለም መስመር ምልክቱ፣ ከሥሩ የሚወጣው አጭር ገመድ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ሶፋው ላይ የባላቸው ታናሽ ወንድም አቶ ዘውዴ ተቀምጠዋል።

"አንተ ነህ የተሰበረ ቴሌቪዥን ልታይ ከአሰላ ድረስ የመጣኸው?" አሉኝ።

"ቴሌቪዥን አይደለም አልኩህ" አሉ እትዬ በለጡ።

ቀስ በቀስ ነገሩን ሰማሁ። የእትዬ በለጡ ባለቤት አቶ ተስፋዬ አሰላ በነበረው የድሮ የእርሻ ፕሮጀክት ንብረት ጠባቂ ነበሩ። አብረዋቸው የሠሩት የውጭ አገር ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ የቤቱን ኮምፒውተር ሰጣቸው። አቶ ተስፋዬ አሰላ ሳሉ ማታ ማታ እየከፈቱ ለሚስታቸው ያሳዩ ነበር። ጡረታ ወጥተው ጎበሳ ሲገቡ ግን ያኔ መብራት ስላልነበረ ተሸፍኖ ተቀመጠ፤ መብራቱ ሳይመጣ እሳቸው አረፉ። ሐዘኑ ሲያበቃ አቶ ዘውዴ ቤቱን ሲያጸዱ "ያረጀ ኪቦርድ ነው" ብለው አንዱን ቁራጭ ለቁራሌው ሰጡት። በኋላ መብራት ገብቶ ኮምፒውተሩ ቢሰካ ደብዘዝ ካለ አረንጓዴ በቀር ምንም አላሳየም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጎበሳ ወሬው አንድ ነው፤ ተስፋዬን ፈረንጁ አታለለው፤ ያን ሁሉ ዓመት ያገለገለውን ሰው የተበላሸ ቴሌቪዥን አሸክሞት ሄደ።

"እኔ ደግሞ ይሠራል እላለሁ። ሲሠራ አይቻለሁ" አሉ እትዬ በለጡ። "ሰው ያሾፍብኝ፣ ግድ የለኝም። ባሌ ግን ሞኝ አልነበረም።"

እዚህ ላይ የመጣሁበት ጉዳይ ትንሽ ከበደኝ። የእኔ ኪቦርድ ቢሰካና ባይበራ እኔ መደርደሪያዬ ባዶ ይሆናል፤ እሳቸው ግን ያቺን "ይሠራል" የምትል ቃላቸውን ያጣሉ። ጃኬቴን አወለቅኩና ሞኒተሩን በፊቱ ደፍቼ ከፈትኩት።

ውስጡ በአቧራ ተሸፍኗል። እንዲህ ያለ ዕቃ ካጠፉት በኋላም መብራት ቋጥሮ ሊቆይ ይችላልና አስቀድሜ የቋጠረውን መብራት አፍስሼ ጨረስኩ። ከዚያ በብሩሽ አጸዳሁት። አንድ ኮንደንሰር አናቱ አብጧል፤ ከጣሳዬ ተመሳሳዩን አገኘሁ። ከፍተኛ ኃይል የሚሰጠው የሽቦ ጥቅል እግሩ ላይ ያለው እርሳስ ተሰነጣጥቋል፤ በድጋሚ በየድኩት። ለኪቦርዱ የሚሄደውን መብራት በቴስተር ለካሁ፤ ልክ ነው። አቶ ዘውዴ ከሶፋው ተነስተው አጠገቤ መጡ።

"ይሄ ሁሉ ለቴሌቪዥን ነው?"

"ትንሽ ይታገሡኝ ጋሼ።"

ክዳኑን ገጥሜ ኪቦርዱን ከጋቢው አወጣሁት። እትዬ በለጡ ሲያዩት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቀረብ ብለው ግራ ጥጉን ዳሰሱ፤ ጠርዙ ላይ የቀለጠች ትንሽ ጠባሳ አለች፤ እኔ ሳጸዳው ምን እንደሆነች ገርሞኝ ነበር።

"ተስፋዬ ሻማ አስቀምጦባት ነው" አሉ። "የእኛው ነው እኮ! የእኛው ኪቦርድ ነው!"

እኔና አቶ ዘውዴ ተያየን። ከጎበሳ የወጣው ዕቃ ዲክሲስ ገበያ ዞሮ እኔ እጅ ገብቶ ኖሯል። አቶ ዘውዴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ገመዱን ልሰካ ስል መብራት ሄደ። ሦስታችንም ተቀምጠን ጠበቅን። እትዬ በለጡ ድንች ቀቅለው በሚጥሚጣ አቀረቡ፤ ማናችንም ብዙ አልበላንም። ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል ከውጭ የጎረቤት ልጆች "መጣ!" ሲሉ ተሰማ። ማብሪያውን ተጫንኩት።

መጀመሪያ ያ ደብዛዛ አረንጓዴ መጣ። አቶ ዘውዴ "ያው ነው" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ጥርት ያሉ አረንጓዴ ፊደሎች በመስመር ተደርድረው ብቅ አሉ፤ ከሥራቸውም አንድ አራት ማዕዘን ምልክት ትዕዛዝ ትጠብቃለች።

"ተነስልኝ እስቲ" አሉኝ እትዬ በለጡ።

ወንበሩን ለቀቅኩላቸው። በአንዲት ጣት፣ እያንዳንዱን ፊደል ፈልገው፣ በላቲን ፊደል ተስፋዬ ብለው ጻፉ። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ባላቸው ያስተማሯቸው እነዚያን ፊደሎች ብቻ ነበር። ስሙ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ወደ አቶ ዘውዴ ዞሩ።

"ምን እያልኩ ነበር?"

"ይሠራል እንዴ!" አሉ አቶ ዘውዴ። ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ ውጭ ወጡ፤ ወዲያው ከግቢው በር ላይ ጎረቤቱን በሙሉ ሲጣሩ ሰማናቸው፤ "ኑ! የወንድሜን ኮምፒውተር ኑና እዩ! ማን ነው ተታለለ ያለው?" ብለው፤ ራሳቸው እንዳላሉ ሁሉ። ሳሎኑ በሰው ሞላ። ብዙ ዕቃ ጠግኛለሁ፤ በእጄ ሥራ እንደዚያ ምሽት የኮራሁበት ቀን ግን የለም።

መልስ

ጠዋት ሞኒተሩን የምጠይቅበትን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። እትዬ በለጡ ቀደሙኝ።

"በል አሁን፣ ለኪቦርዱ ስንት ልስጥህ?"

"እትዬ፣ ኮምፒውተሩ እኮ እሱ ነው። አእምሮው ያለው ኪቦርዱ ውስጥ ነው።"

ከልባቸው ሳቁ። "አንተ ደግሞ! ኮምፒውተሩ ያውልህ፣ ጠረጴዛው ላይ። ኪቦርዱ ኪቦርድ ነው።"

አልተከራከርኩም። ምንም አልቀበልም ስላቸው ተቆጡ፤ ከዚያ ዳንቴሉን አጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡት። "ከእንግዲህ ተሸፍኖ አይቀመጥም። አንተ ውሰደው።"

ቅጥቅጡ ጋ ስደርስ ረዳቱ የመስኮት ዳር ወንበሩን በእጁ ዘርግቶ ይዞልኛል።

"የታለ ሰውዬው?"

"ቀረ። አገሩ ነው።"

ወንበሩ ላይ አንዲት እናት ከሕፃኗ ጋር ተቀመጠች፤ ጢቾ እስክንደርስ ሕፃኑ ጋቢዬ ላይ ተኛ።

ማታ ቤቴ ስገባ አልማዝ ባዶ እጄን አይታ ወደ ክፍሉ ተከተለችኝ። ዳንቴሉን ከኪሴ አውጥቼ መሃለኛው መደርደሪያ ላይ አነጠፍኩትና ሁሉንም ነገር ነገርኳት። ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ያኔ ነው የተረዳሁት፤ እስከዚያ ቀን ስብስቤን በዚህ ክፍል ግድግዳ እለካው ነበር፤ አሁን ግን ከአሰላ እስከ ጎበሳ ይደርሳል። የእኔ እጅ ያበራው ስክሪን እዚያ ሳሎን ውስጥ፣ በባለቤቱ ስም እየበራ ነው።

ክፍሌን ሊያይ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለዚያ ባዶ ዳንቴል ነው። የአንድ ኮምፒውተር ቦታ መሆኑን፣ ኮምፒውተሩም ጎበሳ እንዳለ እነግረዋለሁ።

"ይሠራል?" ይለኛል።

"ይሠራል" እላለሁ፣ ልክ እንደ እትዬ በለጡ።