ቡታጅራ ሲሄድ የሚሻለው ኮምፒውተሬ

ወልቂጤ ከአስፋልቱ ዳር በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ማመልከቻና አቤቱታ እየጻፍኩ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር የተሻገርኩት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያው ኮምፒውተሬ ጠረጴዛው ሥር ተጋድሞ እግሬን የማሳርፍበት ቦታ የነሳኝ ትልቅ ነገር ነበር። እሱ ሲሞት አዲስ አበባ የምትሠራው ልጄ በምትኩ ትንሽ ካርቶን ይዛልኝ መጣች። ስከፍተው የግማሽ ዳቦ ያህል ጥቁር ሣጥን አገኘሁ።

"ሌላውስ የት አለ?" አልኳት።

"በቃ ይኸው ነው አባዬ። ሚኒ ነው የሚባለው።"

ስክሪኑ የድሮው ስለነበረ ገመዱ ከአዲሱ ሣጥን ቀዳዳ ጋር አልገጥም አለ። ከገበያ አውራ ጣት የምታክል ማገናኛ ገዝቼ በመካከላቸው ሰካሁ። ሥዕል መጣ፣ ልጄም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ችግሩ የጀመረው እሷ በሄደች በሳምንቱ ነው።

የእኔ ሥራ ከመጻፉ ይልቅ መስማቱ ይበዛል። ባለጉዳይ አጠገቤ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ያወራል፤ እኔ ሁለት መስመር ጽፌ እጄን አጣጥፌ እሰማለሁ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ትንሽ ካልነኩት ይተኛል። መተኛቱ ባልከፋ፤ ከተኛ ግን አይነቃም። ኪቦርዱን ብደበድብ፣ ማውዙን ብወዘውዝ ስክሪኑ እንደ ጨለመ ይቀራል። በአካባቢው ያለ አንድ ጥገና ባለሙያ "ማብሪያውን እስኪጠፋ ድረስ ተጭነህ ያዘው" ብሎ ስላስተማረኝ ተጭኜ እይዘዋለሁ። ይጠፋል። እንደገና ሳበራው የጻፍኩት የለም።

በዚህ ነገር ከሁሉ በላይ የተጎዱት አንድ የቸሃ ሽማግሌ ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው በእንሰታቸው ድንበር ላይ ባሕር ዛፍ ተክሎ እንሰቱን አድርቆብኛል ብለው ሊከሱት መጡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ በጸሐይም በዝናብም ኮታቸውን አያወልቁም።

"ነገሩን ከሥሩ ነው የምነግርህ" አሉኝና ከአያታቸው ጀመሩ። ወደ አባታቸው ሲደርሱ ስክሪኑ ጨለመ። ስታገል ቆይቼ፣ አጥፍቼ አበራሁና እውነቱን ነገርኳቸው።

"አባባ፣ የጻፍኩት ሁሉ ጠፍቷል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አልተቆጡም። እንዲያውም በርጩማውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉ። "ደግ ሆነ። ቅድም የዘለልኩት ነገር ነበር" ብለው ከቅድመ አያታቸው ጀመሩ። በመጀመሪያው ንግግራቸው ባሕር ዛፎቹ ሁለት ነበሩ። በሁለተኛው አራት ሆኑ። በሌላ ቀን ተመልሰው መጥተው ለሦስተኛ ጊዜ ሲነግሩኝ ግን ሰባት ደርሰው አንደኛው ለቤት ምሰሶ ይበቃ ነበር። ያኔም ኮምፒውተሩ ተኛ።

ያልሞከርኩት መድኃኒት የለም። ያው ባለሙያ "ፎርማት ይደረግ" አለ፤ ተደረገ። ከፎርማት በመጣበት ቀን ከምሳ በፊት ተኛ። ሌላው "መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነው" ብሎ የመብራት ማስተካከያ አስገዛኝ፤ ማስተካከያው በጣም ደህና ነው፣ ይኸው እስካሁን ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ተኛ። ጎረቤቴ ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ሴት "ዓይን ነው፤ ትንሽ ነገር ዓይን ይበዛባታል" ብላ በጨርቅ እንድሸፍነው መከረችኝ። ልጄ በስልክ "እንዳይተኛ አድርገህ ብትተወውስ" ብላ በየት በየት እንደምገባ ነገረችኝና "በፍጹም" የሚለውን መረጥኩ። ለካ ሁለት ምርጫ ኖሮ፣ እኔ እንዳይተኛ ያደረግኩት ስክሪኑን ነው። ሣጥኑ እንደ ልማዱ ቀጠለ።

ሌላም የሚያስጨንቅ ነገር ነበረው። ተኝቶ ትቼው ምሳ በልቼ ስመለስ፣ ማንም ሳይነካው ሞቆ አገኘዋለሁ። ስክሪኑ ጨለማ፣ ሣጥኑ ትኩስ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለጎረቤቴ ብነግራት ጠበል ይዛ እንደምትመጣ አውቃለሁ።

በዚህ መሃል ለዘመድ ለቅሶ ቡታጅራ መሄድ ነበረብኝ። ሣጥኑን በፎጣ ጠቅልዬ በቦርሳዬ ያዝኩት። ያደግኩት ቡታጅራ ነው። የልጅነት ጎረቤታችን የነበሩት ሐጂ ከሬዲዮ ጥገና ተነስተው ቴሌቪዥን የደረሱ ሰው ናቸው፤ ኮምፒውተር ግን ጠግነው አያውቁም። ሱቃቸው ስገባ አባቴን አስታውሰው ብዙ ከመረቁኝ በኋላ ሣጥኑን ተቀብለው አገላበጡት።

"ይጮኻል?"

"አይጮኽም ሐጂ።"

"ይሸታል?"

"አይሸትም።"

"አይጮኽም፣ አይሸትም" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ከባድ ነው። እስቲ ቁጭ ብለን እንየው።"

ከሱቁ ጓሮ ካለው ቴሌቪዥናቸው ጋር አገናኘነው። ብዙም ሳይቆይ ተኛ። ሐጂ በአንድ ጣት ማውዙን ነካ አደረጉ። ነቃ። እንደገና ተኛ፣ እንደገና ነቃ። ከቀትር እስከ ዐስር ሰዓት ድረስ አንድም ጊዜ አልበደለንም።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሐጂ። "ልጄ፣ ይሄ ከእኔም ከአንተም የተሻለ ይተኛል።"

ደስ ብሎኝ ወልቂጤ ተመለስኩ። በማግሥቱ ጠዋት በሁለተኛው ባለጉዳይ ላይ ተኛና አልነቃም አለ። በሳምንቱ ይዤው እንደገና ቡታጅራ ሄድኩ። እዚያ እንደ ደረሰ ዳነ። ሐጂ ፊት እንደዚህ ጨዋ ሲሆን ሳይ፣ ቤቱን እያመሰ እንግዳ ፊት አንገቱን የሚደፋ ልጅ ይዤ የመጣሁ መሰለኝና አፈርኩ።

"እየዋሸሁ አይደለም ሐጂ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። እቤቱ የሚንጫረር ሬዲዮ እዚህ መጥቶ ዝም ሲል ብዙ አይቻለሁ። አንተ ታማሚውን አመጣህልኝ እንጂ ቤቱን አላመጣህልኝም። እኔ እመጣለሁ ኢንሻአላህ።"

እውነትም መጡ። ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ መፍቻና መነጽራቸውን በፌስታል ይዘው ከሚኒባስ ወረዱ። ከሣጥኑ ፊት ለፊት ወንበር ሰጠኋቸው። "አንተ እንደ ወትሮህ ሥራህን ሥራ። እኔን እርሳኝ" አሉና ዓይናቸውን ሣጥኑ ላይ በምትበራው ጤፍ በምታክል መብራት ላይ ተከሉ።

ያን ዕለት ለአራተኛ ጊዜ ሊነግሩኝ የመጡት የቸሃው ሽማግሌ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ሐጂን አዩ፤ ጢማቸውን፣ ቆባቸውን፣ ዝምታቸውን። ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሱ። ሐጂም ብድግ ብለው ሰላምታውን መልሰው ተቀመጡ። ማን እንደሆኑ ለማስተዋወቅ አፌን ስከፍት ሽማግሌው በርጩማቸውን ከእኔ አዙረው ወደ ሐጂ አስጠጉ።

"እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ነው የምነግርዎ" አሏቸው።

ሐጂ "እህ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከመብራቷ ሳያነሱ።

እኔ ጥቂት ጽፌ እጄን አጣጠፍኩ። ሽማግሌው ከቅድመ አያታቸው አባት ጀምረው እየወረዱ ሳለ ስክሪኑ ጨለመ። መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ሐጂ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ድምፃቸው በረታ።

"ሌሊት ነው የተከለው ሐጂ። ቀን አልተከለም።"

በዚህ ቅጽበት ከጅማ በኩል አንድ የተጫነ አይሱዙ እየነጎደ አለፈ። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። መብራቷ ብልጭ ድርግሟን ትታ ቀጥ ብላ በራች።

"አሃ" አሉ ሐጂ።

"ይኸው፣ ለሚገባው ሰው በአንድ ቃል ይገባዋል" አሉኝ ሽማግሌው፣ በወቀሳ ዓይን እያዩኝ።

ሐጂ ማውዙን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ቀይ ብርሃን አዩና መልሰው አስቀመጡት። ኮምፒውተሩ ተመልሶ እስኪተኛ ጠበቁ። ሽማግሌው አባታቸው ጋ ደርሰዋል። ሌላ መኪና አለፈ።

"አሁንም ደገመው" አሉ ሐጂ ለራሳቸው።

"አዎ፣ ደገመው" አሉ ሽማግሌው። "በዓመቱ ሌላ ሦስት ጨመረ።"

ሐጂ መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ ጫኑና ጠሩኝ። "ና እስቲ። ይሄ ተኝቷል ነው የምትለው?"

"ስክሪኑ ጨለማ ነው እኮ ሐጂ።"

"ስለ ስክሪኑ አልጠየቅሁህም። ሣጥኑ ሞቋል፣ መብራቱም ቀጥ ብሏል። ይሄ ነቅቶ ነው ያለው። ያልነቃው ሌላ ነው።"

ያችን አውራ ጣት የምታክል ማገናኛ ነቀሏት፤ ትንሽ ቆይተው መልሰው ሰኩ። ስክሪኑ በራ። የጻፍኩት ሁሉ፣ "አመልካች" ከሚለው ቃል ጀምሮ፣ ባለበት ቁጭ ብሏል። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ኮምፒውተሩ በተነካ ቁጥር ይነቃ ነበር፤ ማገናኛዋ ሥዕሉን ለድሮው ስክሪን አላቀብል እያለች ነው ጨለማ የሚሆነው። ቡታጅራ ከቴሌቪዥኑ ጋር በሌላ ገመድ ስለተገናኘ ምንም አልሆነ። እኔ ግን ነቅቶ የሚጠብቀኝን ፍጡር ሦስት ወር ሙሉ አፍንጫውን ይዤ ስገድለው ከርሜአለሁ። ሐጂ ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ "ባለማወቅ ነው" ብለው አጽናኑኝ።

ከእንግዲህ ስክሪኑ ሲጨልም ማገናኛዋን ነቅዬ መሰካት ይበቃኛል፤ የቀረው የማውዙ ነገር ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ሣጥኑን ይቀሰቅሰዋል። ልጄ ጋ ደወልን፤ እሷ በስልክ እየመራችን ስክሪኑ ላይ አንድ እንግሊዝኛ የተጻፈበት መስኮት ጋ ደረስን።

"ምን ይላል?" አሉ ሐጂ።

"ይህ ማውዝ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ ይፈቀድለት ወይ ነው የሚለው።"

ሐጂ ጥቂት አሰቡ። "አይፈቀድለትም በለው።"

"ትክክለኛ ፍርድ ነው" አሉ ሽማግሌው።

ሥራቸውን እንደ ጨረሱ ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ሁሉ ጊዜ አጠገባቸው የተቀመጡትን ሰው ዝም ብለው ትተው መነሳት ነውር ስለመሰላቸው ለጨዋታ ያህል "ለመሆኑ ወንድምዎ አሁን የት ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ማዶ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።"

እኔ ቀና አልኩ። "የትኛው ወንድምዎ?"

"የምከሰው ነዋ። ሌላ ወንድም አለኝ? በአንድ ሚኒባስ ነው የመጣነው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ብቻዬን መጥቼ መንገድ ላይ ብወድቅስ?"

አቤቱታው ያን ዕለት ተጽፎ አለቀ፤ ባሕር ዛፎቹን በብዙ ድርድር አራት ላይ አቆምናቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን አጣጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከተው ሊሻገሩ ሲሉ፣ አንድ አጠር ያሉ ሰው ከሻይ ቤቱ ወጥተው ክንዳቸውን ይዘው አስፋልቱን አሻገሯቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለቱም አብረው ከክፍሌ በር ላይ ቆሙ። በሽማግሌ ለመጨረስ ተስማምተዋል፤ ከየወገናቸው ሰው መርጠዋል፤ መሃል የሚሆን አንድ ሰው ቀርቷል። በዚያ ሰው ላይ ደግሞ ያለ ክርክር ተስማምተዋል።

"እኚያ ነጭ ቆብ ያደረጉት ሐጂ ይሁኑልን" አሉ ታናሹ። "ወንድሜ እንደሳቸው የሚያዳምጥ ሰው አላየሁም ብሎኛል። ቃል ሳይመልሱ ሙሉ ቀን ነው የሰሙት።"

ለሐጂ ደወልኩ። ሰምተው ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ።

"ልጄ፣ እኔ እኮ ከነገራቸው አንዲቱን አልሰማሁም። መብራቷን ነበር የማየው።"

"እውነቱን ልንገራቸው?"

"ተው። ለሽምግልና ተጠርቶ እንዴት እምቢ ይባላል? ግን ሰውዬው ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። አሁን በደንብ እሰማለሁ።"

ይህን ለታላቅየው ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አይረሳኝም።

ቸሃ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። የሐጂ ጉራጌኛ የመስቃን፣ የሰዎቹ የቸሃ ስለሆነ በአማርኛ ነበር የሚነጋገሩት፤ ነገር ሲከር ወደየራሳቸው ሲገቡ እኔ መሃል ገብቼ አስተረጉማለሁ። ከድንበሩ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ታላቅየው ከሥሩ ጀምረው እስከ ዛሬ ድረስ ሳያቋርጡ ተናገሩ፤ ማንም አልጨለመባቸውም። ሐጂ ባሕር ዛፎቹን ቆጠሩ። ሦስት ናቸው። ታናሹም እንሰቱ መድረቁን ሲያዩ አልካዱም። ዛፎቹ እንዲቆረጡ፣ እንጨቱ ለሁለት እንዲካፈል፣ በቦታው እንሰት እንዲተከልና ተክሉን ታናሹ እንዲያቀርቡ ተወሰነ። ሁለቱም እሺ አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ጠቡ የተነሳው። ለካ ሐጂ ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበሉ አውቀው ሁለቱም ወንድማማቾች በየቤታቸው ቆጮ፣ ጎመንና አይብ አዘጋጅተዋል። የማን ቤት ይበላ በሚለው እንደ ባሕር ዛፉ ጊዜ ደም ሥራቸው ተገተረ። ሐጂ እንደገና ዝም ብለው ሰሟቸው። በመጨረሻም ቆጮና ጎመኑን ከታላቅየው ቤት፣ አይቡን ከታናሹ ቤት አስመጥተው እዚያው ድንበሩ ላይ በላን።