«መጣሁ» ያለው ድምፅ

የድምፅ ባለሙያችንን «ጆሮ» ያልነው ለሙገሳ ብቻ አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የዓለሙን ድምፅ ሁሉ ሲለቅም ውሎ ስለ ራሱ የሚባለውን የማይሰማ ሰው ነበር። ሰባት ዓመት በአንድ ስቱዲዮ ሠርተናል፤ እኔ ምስሉን እቆርጣለሁ፣ እሱ ድምፁን ያለብሳል። ሐሜት ነው ብላችሁ አትያዙብኝ፤ በዚህ ጉዳይ የእኔም እጅ አለበት።

ሥራው ላየው ሰው ያስቃል። አጥንት ሲሰበር እንዲሰማ ካሮት በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ቀጭ ያደርጋል። ሰው ሲወጋ ሐብሐብ ላይ ቢላ ይሰካል፤ ሟቹን ምሳ ሰዓት ላይ ቆራርጠን እንበላዋለን። አርባ ዓመት አልፎታል፣ አላገባም፣ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። ቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው የለውም። እሷም ጉልበቷን እያመማት እንኳ «እማዬ» ባለ ቁጥር ካለችበት ትነሳለች፤ ካልሲው ጠፍቶበት ቢሆንም ትነሳለች።

ታላቅ ወንድም ነበረው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ረፋድ ላይ አምፖል ሊገዛ «መጣሁ» ብሎ ወጣ። ቋንቋችን ጉድ ነው፤ ሰው ሊሄድ ሲል «መጣሁ» ይላል። እስከ ዛሬ አልመጣም። ሬሳው ስላልተገኘ እናቱ ሞቷል የሚላትን ሰው ታኮርፋለች። ልጄ መጣሁ ብሎኛል፣ ይመጣል ነው የምትለው።

ዳይሬክተራችን አስፈሪ ፊልም ልሥራ ብሎ ተነሣ። አራት ባልዲ ቀይ ቀለም አፈሰሰ። ፊልሙን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለሃያ ሰዎች አሳየንና ሳቁብን። ሙቱ ከቁም ሳጥን ሲወጣ አንዲት ሴትዮ፣ «ምስኪን፣ እዚያ ውስጥ ታፍኖ ከርሞ» አለች። ዳይሬክተሩ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ደም ያስጠይፋል እንጂ አያስፈራም» አለው ጆሮ። «ሰው ከልቡ የሚፈራው፣ የሚወደው ሰው ከማይመጣበት ሲመጣ ነው።»

«ታዲያ አምጣልኛ» አለው።

አመጣ። ልጆች ሆነው ከወንድሙ ጋር በቴፕ ሲጫወቱ የቀዱት ካሴት ነበረው። መጨረሻው ላይ ወንድምየውን ሰው ይጠራዋል፤ «መጣሁ» ብሎ ይሮጣል። ጆሮ ድምፁን አጸዳው፣ ወደ ጎልማሳ አወፈረው፣ እኔም ፊልሙ ውስጥ ቦታ አበጀሁለት። ተዋናይቷ ወጥ ቤት ቆማ ሳህን ታጥባለች፣ ከኮሪደሩ የሞተው ልጇ «መጣሁ» ይላል። መልሷ ግን አልመጣ አለ። ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ተንቀጠቀጠች፤ አሥራ አምስት ጊዜ ቀዳናት። ጆሮ ራሱን ነቀነቀ። «እናት እንዲህ አትመልስም።» እንዴት እንደምትመልስ ግን እሱም አያውቅም ነበር።

በማግስቱ በእናቱ ወጥ ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይ ማይክ ደበቀ፣ ከኮሪደሩ በር ኋላ ስፒከር አስቀመጠ፣ እናቱ ሳህን ስታጥብ የወንድሙን ድምፅ ከፈተው።

የቀዳውን አምጥቶ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። «መጣሁ» ሲል የሳህኑ ኳኳታ ቆመ። ውኃው መፍሰሱን ቀጠለ። አሥራ አንድ ሰከንድ ቆጠርኩ። ከዚያ ቀስ ያለ የእናት ድምፅ፣ «እግርህን ጥረግ» አለ።

ቅጂው አላበቃም፤ «የት ገባህ?» እያለች ክፍሎቹን አንድ በአንድ ስትከፍት ይሰማል። ጆሮ እዚያ ላይ አጠፋው።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«መስሎሽ ነው አልኳት። ጆሮዬም ከዳኝ ብላ አለቀሰች።»

ጣለው ልለው ይገባኝ ነበር። ያልኩት ግን «አሥራ አንዱን ሰከንድ እንዳትነካው» ነው። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ፊልሙ ሲኒማ ቤቱን በሰው አጣበበ። ያቺ ቦታ ስትደርስ አንድ ግዙፍ ሰውዬ የማያውቃትን ሴት እጅ ሲይዝ በዓይኔ አይቻለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አክስቱ፣ የእናቱ ታናሽ፣ ምንም ሳታውቅ በእህቷ ልጅ ኮርታ እናቱን ይዛት መጣች። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ ነበር። እናቱ የልጇንና የራሷን ድምፅ ስትሰማ አልተንቀሳቀሰችም። መውጫው ላይ ሰው ጆሮን እያቀፈ እንኳን ደስ አለህ ሲለው ቆማ ጠበቀች።

«ድምፁ አንተ ጋ ነበር?» አለችው።

«እማዬ፣ ድሮ የቀዳነው ነው እኮ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ስናፍቅ አንተ ጋ ነበር።»

«ካሴቱን እሰጥሻለሁ።»

«ምን ይሠራልኛል። ቤቱን ሁሉ ዞሬ አጥቼዋለሁ፣ አሁንማ ሞተ» አለችና የእህቷን ክንድ ይዛ ወጣች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ጆሮ ከሌላ ክፍል ቢጣራ እናቱ አትመልስም ነበር፤ ፊቷ መጥቶ ሲቆም ብቻ ታናግረዋለች። እሱ ይህን እየሳቀ ነበር የሚያወራልን። ተቀይማኝ ነው፣ ሲቆይ ይበርድላታል ይል ነበር። እንዳልበረደላት ሁላችንም ገብቶን ነበር፣ ደፍሮ የነገረው ግን የለም።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ሰኞ ከሥራ ቀረ። ዕቃ ቤት መሰላል ላይ ወጥቶ አሮጌ ካሴቶች ሲያወርድ ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ ነበር። የወደቀው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ አክስቱ ልትጠይቃቸው መጥታ ያገኘችው ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እናቱ በመካከላቸው አንድ ግድግዳ ብቻ ባለበት ሳሎን ተቀምጣ የሱን ሸሚዝ ቁልፍ ትተክል ነበር።

«እትዬ፣ ልጅሽ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲጮህ አልሰማሽም?» አለቻት አክስቱ።

«ሰምቼዋለሁ» አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «መጀመሪያ ጮኸ፣ ቀጥሎ አለቀሰ፣ ኋላ ላይ ድምፁ ደክሞ እማዬ እማዬ አለ። ሥራው ነው ብዬ ነው። የዛሬውንስ ጥሩ አድርጎ ሠራው እያልኩ ነበር።»