የማይጎርስ እንግዳ

እናታችን ቤት የመጣ እንግዳ «በቃኝ» ቢል እንደ ቀልድ ነበር የሚቆጠርለት። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ይቺን ብቻ» እየተባለ፣ ቀበቶውን ፈታ አድርጎ፣ የደረጃውን እንጨት ተደግፎ ነበር የሚወርደው። እናታችን ካረፈች በኋላ ቤቱንም አመሉንም የወረስነው እኔና ታላቅ እህቴ ነን። ሁለታችንም አላገባንም፤ የምናጎርሰው ባል ስለሌለን መንደሩን እናጎርሳለን። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ካለው ግቢያችን ሳይበላ ለመውጣት የሚሞክር ሰው ቢኖር የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱንም እህቴ ሳህን ይዛ እስከ በር ትከተለዋለች።

እንግዲህ በቀቀኑ የመጣው እንዲህ ያለ ቤት ነው።

በቀቀኑ የሀጂ ነበር። ሀጂ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ በግቢያችን ውስጥ ከእኛ ፊት ለፊት ያለውን ቤት እኛ ሳንወለድ ጀምሮ የያዙ የወሎ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ጓደኛቸው ያ ግንባሩ ቢጫ የሆነ አረንጓዴ ወፍ ብቻ ነበር። «ጌታው» ነው የሚሉት። ጠዋት በረንዳቸው ላይ ሻይ ሲጠጡ ጌታው ቀኝ ትከሻቸው ላይ ይቆማል። ሀጂ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እሱም ይጠርጋል። እኔና እህቴ መስኮታችን ላይ ሆነን የትኛው የማን እንደሆነ እንወራረድ ነበር።

በኋላ ወንድ ልጃቸው «አባባ፣ ብቻዎን መኖር አይሆንም» አለና ከከተማው ዳር ወዳለው ኮንዶሚኒየም ወሰዳቸው። ዕቃው አይሱዙ ላይ ተጫነ። ተሸካሚዎቹ የወፉን የሽቦ ቤት ጆንያ አልብሰው ከፍራሹ በላይ ጣል አደረጉት። ድልድዩ ጋ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ የሽቦ ቤቱ ተንከባሎ አስፋልት ላይ ወደቀ። መንገደኛው ሁሉ ሮጠ። አንዱ አነሳው፣ ሌላው ነጠቀው፣ ሌላው «እንዳያመልጥ!» እያለ እጁን ሰዶ ወፉን ጨመቀው። ሁሉም ለመርዳት ነበር። ጌታው አጥንቱ አልተሰበረም፤ እጅ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላቱ ሆነ። የማንም እጅ። የሀጂም እጅ።

ይሻለው ይሆናል ብለው ቢጠብቁ ባሰበት። አንድ ቅዳሜ ሀጂ የሽቦ ቤቱን ታቅፈው በራችን ላይ ቆሙ።

«የለመደው ግቢ ቢሆን ይረጋጋ ይሆናል ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ሰው ካየ አይበላም። እንደ ድሮው ከሆነ መጥቼ እወስደዋለሁ። እኔንም ፈራኝ እኮ።»

የመጨረሻዋን ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ ድሮው በረንዳቸው አዞሩ። እኔ ደግሞ ሰው ሲያዝን እያየሁ ዝም ማለት አልችልም፤ አፌ ይቀድመኛል።

«ምን ችግር አለው ሀጂ! እኔ ጋ መጥቶ ያልጎረሰ የለም። አድልቤ፣ ትከሻዎ ላይ መልሼ ነው የማስረክብዎት!»

«አደራ» አሉ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ነገሩ እዚህ ላይ ቀልድ መሆኑ ቀረ፤ እኔ ግን ገና አልገባኝም ነበር።

የዚያኑ ዕለት ጀመርኩ። ፓፓያ ልጬ፣ ቆንጠር አድርጌ፣ በሽቦው መሃል አቀረብኩለት። «እንካ ጌታው፣ በሞቴ!» ጌታው ጥጉ ላይ ተለጥፎ፣ ምንቃሩን ከፍቶ ቁና ቁና ተነፈሰ። «ይቺን ብቻ!» ብዬ እጄን ጨመር አደረግኩ። ያን ጊዜ መጣ፤ ለፓፓያው ሳይሆን ለጣቴ። ጩኸቴ ቸርችል ጎዳና ሳይደርስ አልቀረም።

እህቴ ከሳቋ ስትመለስ «አንድ ያጣላል፣ ድገሚው» አለችኝ።

አንድ ጉርሻ ብቻ የተቀበለ ሰው ከአጉራሹ ይጣላል ስለሚባል፣ በእኛ ቤት ሁለተኛው ግዴታ ነው። ደገምኩት። እሱም ደገመኝ።

ወሬው በግቢው ሲዞር ሁሉም «እስቲ እኔ ልሞክር» አለ። ቡታጅራ ተወልዳ ያደገችው ባለሱቅ ጎረቤታችን «ቆጮ ሳትሰጡት ነው ይበላል የምትሉት?» ብላ ቆጮ ይዛ መጣች። በሷ ቤት በቆጮ ያልተፈታ ችግር የለም። ከታች ያለው ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ወፉን ከላይ እስከ ታች አየና «ጀለስ፣ አትፍራ፣ ሰፈሩ የራስህ ነው» እያለ ብስኩት ዘረጋለት። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግማሽ ግቢ ወፉን ከቦ፣ እጁን ዘርግቶ፣ «ብላ እንጂ! ብላ!» ይላል። ድልድዩ ላይ የሆነውን ያየ ሰው ቢኖር ቶሎ ይገባው ነበር። ለእኔ የታየኝ ግን መናቄ ብቻ ነበር። ስንቱን ያጠገበ እጅ በአንድ ወፍ ይናቅ?

እኛ በሌለንበት ሰዓት የተውንለትን ሱፍ ትንሽ ትንሽ ይለቅማል። ቤት በዋልንበት ቀን ግን ጾሙን ይውላል። ደረቱ ላይ ያለው አጥንት እንደ ቢላ ስለት ወጣ፤ ላባውንም መንጨት ጀመረ። ሀጂ ሲደውሉ «እየለመደ ነው» እላለሁ። አደራውን ተቀብዬ በእጄ ቢሞትብኝ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ከዚያም በላይ ወፉ አሳዘነኝ። እናታችን በኖረችበት ቤት ውስጥ አንድ የተራበ ነበር፤ ያስራብነውም እኛው ነበርን።

አንድ ማታ ከአለቃዬ ጋር ተጨቃጭቄ ከመሥሪያ ቤት ወጣሁ። የታክሲው ሰልፍ አያልቅም፤ የቸርችልን ዳገት በእግሬ፣ በማይሆን ጫማ፣ እየተራገምኩ ወጣሁት። እህቴ ቤት አልነበረችም። ሰው ማየት አልፈለግኩም፣ ወፍም ቢሆን። የቀዘቀዘ ሽሮ ከነድስቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ጀርባዬን ለጌታው ሰጥቼ መብላት ጀመርኩ። «እንብላ» አላልኩም። ነፍስ ያለው ነገር ባለበት ክፍል «እንብላ» ሳልል ስበላ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ነው ያደግነው፤ እንኳን ሰው፣ ድመትም ብታየን እንቆርስላታለን።

ትንሽ እንደበላሁ ከኋላዬ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሱፍ ሲፈለፈል ነው። ደግሞ «ቀጭ»። ማኘኬን አቆምኩ፤ እሱም አቆመ። ማኘክ ስጀምር እሱም ጀመረ። እንዲያ እንዳኮረፍን፣ ጀርባና ጀርባ ሆነን፣ እራታችንን አብረን በላን።

ለካ ጌታው የጠላው ምግባችንን አይደለም፣ «በሞቴ»ን ነው። ሊያበላው የተዘረጋ እጅና ሊይዘው የተዘረጋ እጅ ለእሱ አንድ ናቸው። እምቢ ሲል እሺ ያለው ሰው አልነበረም። «በቃኝ»ን መስማት ደግሞ በእኛ ቤት ማንም ያላስተማረን ነገር ነው።

እህቴን ማሳመን ወፉን ከማልመድ ባሰ። «እንግዳ ፊት ዝም ብሎ መብላት? ነውር አይደለም?» አለችኝ።

«ነውር ነው። ግን ብዪ» አልኳት።

ጀርባችንን ሰጥተን መብላት ጀመርን። አንድ ምሳ ላይ ሱፉ «ቀጭ» ሲል አላስቻላትም፤ ዞር ብላ «እሰይ! ብላ የኔ ጌታ!» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ጌታው ጥጉ ገባ፤ እኔና እሷም ተኮራረፍን። ጎረቤቶቹን ከበር መለስኳቸው። ባለሱቋ ይኸው እስካሁን «ወፍ አስበልጣብኝ» እያለች ታማኛለች።

ቀስ በቀስ ከጀርባ ወደ ጎን ዞርኩ። ከዚያ የሽቦ ቤቱን በር ከፍቼ ተውኩለት። ስጠጋው ላባው ሰውነቱ ላይ ጥብቅ ካለ «እሺ ጌታው፣ ይቅርታ» ብዬ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ስመለስለት ያያል፤ አይቶም በሆዱ ይይዛል። አንድ እሁድ በሩን አልፎ፣ ጠረጴዛው ላይ ወርዶ፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ መጣና ከሳህኔ ላይ ፓፓያ ሰረቀኝ። ሰረቀኝ ነው የምለው፣ አልሰጠሁትማ። በሌባ እንዲህ የተደሰተ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ ወደ ሰውም ተጋባ። የውሃ ቆጣሪው ሰውዬ መጥቶ «በልቻለሁ» ሲል እህቴ ወደ ሳህኑ ተንደረደረች፤ ቀሚሷን ይዤ አስቀረኋት። ሰውዬው እስከ በሩ ድረስ ዞር እያለ ሄደ። በሚቀጥለው ወር ሲመጣ ግን ቆጣሪውን ሳያይ «ዛሬ ምን አለ?» አለ።

አንድ ጠዋት ሻይ ስጠጣ ሀጂ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደንግጬ ዞርኩ። ጌታው ነው። ከወደቀ ወዲህ ያን ድምፅ ሰምተነው አናውቅም። ወዲያው ለሀጂ ደወልኩ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከፋኝ። ሀጂ ሲመጡ ይወስዱታል፤ የተነጋገርነው እንደዚያ ነው። ላባው ደረቱን ሸፍኗል፤ ጠዋት ስነሳ ክንፉን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። «እሳቸውን እንደፈራ ቢቀርስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ተስፋ መሆኑን ሳውቅ አፈርኩ። «እኔንም ፈራኝ» ያሉት ጆሮዬ ላይ ነበር።

ሀጂ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ኪሳቸውን ለውዝ ሞልተው መጡ። ከበሩ ጀምረው «ጌታው!» እያሉ እጃቸውን ዘረጉ። ጌታው ጥጉ ላይ ተለጠፈ። የሀጂ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

ከአባቴ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ እንዴት እንደምላቸው ጨነቀኝ።

«ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ጀርባዎን ይስጡት።»

«ጀርባዬን?»

«አዎ። አይጥሩት፣ አያናግሩት። ለውዙንም አይስጡት። ዝም ብለው ይብሉ።»

«እሱን ሳልጋብዝ?»

«ሳይጋብዙት።»

ሀጂ «ልጅቷን ምን ነካት?» በሚል ዓይን እህቴን አዩዋት። እህቴ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ተቀመጡ። ዳቦና ፓፓያ አቀረብኩና እኔም ተቀመጥኩ። «ይብሉ» አላልኩም። ቤቴ የመጡ ሽማግሌ! ምላሴን ነክሼ ያዝኩት፤ ከጌታው ንክሻ ይልቅ ያኛው አመመኝ። ሀጂ «ቢስሚላህ» ብለው ቆረሱ። የተጣላ ቤተሰብ መስለን ዝም ብለን በላን። ከውጭ ወያላው «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» ይጮኻል። ሀጂ ዳቦው አልወርድ አላቸው፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ከኋላም ጉሮሮ ተጠረገ።

ሀጂ አልዞሩም። ጌታው ከሽቦ ቤቱ ወጣ። የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተንጠላጠለ፣ የሀጂን ኮት በምንቃሩ ጎተት አድርጎ ሞከረው፣ ከዚያ ወጥቶ የድሮ ቦታው፣ ቀኝ ትከሻቸው ላይ ቆመ። የሀጂ እንባ በጺማቸው ላይ ወረደ፤ እሱን ለመጥረግ እንኳን እጃቸውን አላነሱም።

ጌታው አንገቱን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያደርግ የታመመ መስሎኝ ደነገጥኩ። የበላውን ሱፍ ከጉሮሮው መልሶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሀጂ ከንፈር ላይ አስቀመጠው። በቀቀን የሚወደውን እንዲህ እንደሚያበላ የሰማሁት ኋላ ነው። እኔን ሰርቆኛል እንጂ አንድም ቀን አጉርሶኝ አያውቅም። ቀናሁ። ደስም አለኝ። ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ።

ሀጂ የረጠበውን ሱፍ ከንፈራቸው ላይ ይዘው ትንሽ ቆዩ። ጉርሻ ደግሞ አይመለስም። አፋቸውን ከፈት አድርገው ተቀበሉት፣ ዋጡት፣ አሁንም ሳይዞሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አንድ ያጣላል» አሉት።

ጌታው አንገቱን እንደገና ወደ ላይ ወደ ታች ማድረግ ጀመረ።