በቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የሚይዘው ሹፌር

ጓደኞቹ «ፍሬኑ» ይሉታል። ስም ያወጡለት በጠባዩ ነው፤ ሲናገርም ሲቆጣም ረጋ ያለ ሰው ነው። ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሯል። ሚስቱን ቀብሮ አንዲት ልጁን ብቻውን አሳድጓል።

ልጁ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። የፋብሪካው በር የሚከፈተው ቁልቁለት ላይ፣ ልክ ከመታጠፊያው ሥር ስለሆነ፣ ወደ ታች የሚወርድ ሹፌር ሰው ማቋረጡን የሚያየው አፍንጫው ሥር ሲደርስ ነው። ማቋረጫ የለ፣ መብራት የለ፤ ሠራተኞቹ ሲለቀቁ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ነፍሳቸውን ለፈጣሪ ሰጥተው ወደ መንገዱ ይገባሉ። እዚያ ነው ከልጁ ጎን ተቀምጣ የምትሰፋ ባልንጀራዋን የጭነት መኪና የገጫት። ሐኪም ቤት እንኳ አልደረሰችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁ ከሥራ ተመልሳ የቤቱን በር እስክታንኳኳ ድረስ ፍሬኑ እህል ከአፉ አይገባም።

ብዙም ሳይቆይ ከመንገድ ቢሮ አንዲት ኢንጂነር ወደ አውቶቡሶቹ ማደሪያ ዲፖ መጣች። በየአውቶቡሱ መሪ ሥር የተገጠመችውን ትንሽ ሳጥን ለሹፌሮቹ አሳየቻቸው።

«አውቶቡሱ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ይቺ ትመዘግባለች። የእናንተን መረጃ ከትራፊክ ፖሊስና ከሆስፒታል መረጃ ጋር አንድ ካርታ ላይ እናደርገዋለን። ብዙ አውቶቡስ የሚደነግጥበት ቦታ ካርታው ላይ ቀይ ይሆናል። የቀላ ቦታ ላይ ማቋረጫ እንሠራለን። ሰው እስኪሞት አንጠብቅም።»

ፍሬኑ እጁን አወጣ። «የፋብሪካው በርስ፣ ልጄ? እዚያ ሰው ሞቷል እኮ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን አንድ ሞት ካርታው ላይ አንዲት ነጥብ ናት። ለነጥብ በጀት አይፈቅዱልኝም። አውቶቡሶቹ ይመስክሩልኝ።»

እሷ እንደወጣች የስምሪት ኃላፊው በሩን ዘጋ። «የእሷ እንዳለ ሆኖ፣ የእኔን ደግሞ ስሙ። ድንገተኛ ፍሬን የሚያበዛ ሹፌር ከመሪ ይወርዳል። ፍሬን ጎማ ይበላል፤ ጎማ ደግሞ ከሰማይ አይዘንብም!»

ሹፌሮቹ ሻይ ቤት ገብተው መከሩ። ክላክስ መንፋት የሚወደው፣ ድምፁም ከክላክሱ የማያንሰው «ጥሩምባው» ተነሣ።

«ሳጥኑ እግራችንን ነው የሚሰልለው፤ ጆሮ የለውም! ከእንግዲህ ክላክስ ነፍቶ፣ መሪ ጠምዝዞ ማለፍ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ቆርቆሮ ያቅተናል?»

«የሚያቋርጡትስ?» አለ ፍሬኑ።

«ይሩጡ! አንተ መርገጥ ካማረህ ለልጅህ የስፌት መኪና ግዛና እሱን ርገጥ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፍሬኑ አልሳቀም፤ በልቡ ቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ በደረሰ ቁጥር፣ ሰው ኖረም አልኖረም፣ ፍሬኑን ይረግጣል።

«ኧረ ሹፌር! ድንች ነው እንዴ የጫንከው?» ይሉታል ተሳፋሪዎቹ። በዘመኑ ሁሉ ሰው አንገጫግጮ የማያውቅ ኩሩ ሹፌር፣ አንገቱን ሰብሮ «ይቅርታ» ይላል። ካርታው እስኪቀላ ነው እያለ ቻለው።

አንድ ቀን ኃላፊው ቢሮ አስጠራው። ኢንጂነሯም ነበረች፤ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ቦታው ቀልቶ ነበር። ግን ምልክቱ ሁሉ የአንድ አውቶቡስ ነው፤ የእርስዎ። ሌሎቹ እዚያ ፍሬን ይዘው አያውቁም። አለቆቼ ‹ችግሩ የሹፌሩ እንጂ የመንገዱ አይደለም› ብለው አስጠፉት።»

«ሌሎቹ ፈርተው ነው! ክላክስ ነው የሚነፉት።»

«አንድ ሹፌር እንኳ ይህን ይመስክርልኝ፤ መልሼ አቀርበዋለሁ።»

ኃላፊው የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለው።

ፍሬኑ በቀጥታ ጥሩምባው ዘንድ ሄደ። «ወንድሜ፣ አንድ ቃል ብቻ መስክርልኝ። ልጄ ናት።»

ጥሩምባው ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። ያ ጎርናና ድምፅ እንዲያ ሲያንስ የዚያን ቀን ብቻ ተሰማ። «አውቃለሁ። እኔም ልጆች አሉኝ። እንዳንተ ከመሪ ብወርድ ማን ያበላቸዋል?»

በማግስቱ ሠራተኞቹ ሲለቀቁ ፍሬኑ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ከመታጠፊያው ሥር መሀል መንገድ ላይ ቆመ። መኪና ሊያስቆም እጁን ዘረጋ።

«አባዬ!» ልጁ ከበሩ ጮኸች። «ውጣ! ኧረ በፈጣሪ!»

ከላይ ክላክስ ተሰማ። አወቀው፤ የጥሩምባው ነው። እኔን ሲያይማ ይረግጣል አለ በልቡ። እጁን አላወረደም። አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ፤ ክላክሱ አደነቆረው። በመጨረሻዋ ቅጽበት ተጠማዝዞ አለፈ። የጎን መስታወቱ እጅጌውን ጨርፎት ሄደ። ፍሬን አልተያዘም።

ልጁ ሮጣ ክንዱን ያዘች። ሊያሻግራት የመጣው እሱ ነበር፤ እሷ ደግፋ አሻገረችው።

«አባዬ፣ ነገ እንዳትመጣ» አለችው እያለቀሰች።

«አንቺስ?» አላት። «ነገ ትቀሪያለሽ?»