ቡርስ ሰፊው

እኔ ከፊደል ገበታ ብዙም ርቄ አልሄድኩም። አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ መርፌ ያዝኩ፤ ጉልበቴ እስኪደክም ድረስም ዶራሌ ወደብ በር ላይ፣ ወደ አገር ቤት ለሚወጡት ከባድ መኪኖች ሸራ ስሰፋና ስጠግን ኖርኩ። ፈረንሳይኛም ብትሉ ከሾፌርና ከዘበኛ የለቀምኩት ስለሆነ ግማሹ ስድብ ነው።

የልጄ ልጅ ግን ሌላ ናት። እናቷ ድሬዳዋ ነች፤ እሷ ካርቲየ 3 ሰፈር እኔ ዘንድ ሆና ዘንድሮ ሥዕል ትምህርት ቤት ገባች፣ አንደኛ ዓመት። ጠዋት ጠዋት ቁመቷን የሚያክል ወረቀት ብብቷ ሥር ሸጉጣ ስትወጣ በር ላይ ቆሜ አያታለሁ። ትምህርት ቤቷ በራስ ዲካ በኩል ነው፤ የባሕር ነፋስ ደግሞ ለሥዕል አያዝንም። አንድ ቀን የሳምንት ሥራዋን ለሁለት ቀዶባት መጣች።

በዚያው ሰሞን ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣

«አባባ፣ ቡርስ ካላገኘሁ ትምህርቱ ሊቀርብኝ ነው» አለችኝ።

«ለዚህ ነው እንዴ ምሳ የማትበዪው? እኔ እያለሁልሽ!»

«አንተ? ከየት አምጥተህ?»

«ዝም ብለሽ ብዪ።»

በፈረንሳይኛ ዶሲየ ስትል ዶሴ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኝ ያውቃል። እንግዲህ ቡርስ ስትልም ቦርሳ ነው አልኩ። የሥዕል መያዣ ቸግሯት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን?

ወስፌና ሲባጎዬን አወጣሁ። ከአሮጌ የመኪና ሸራ ደህና ደህናውን ቆርጬ፣ ስፌቱን ደርቤ፣ ሰፊ ማንገቻ አበጀሁለት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከትምህርት ስትመለስ አልጋዋ ላይ ዘርግቼ ጠበቅኋት።

«ይኸው ቡርስሽ!»

ቦርሳውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አባባ፣ ቡርስ እኮ ተማሪ እንዲማርበት የሚሰጠው ገንዘብ ነው!»

እኔም ሳቅሁ። የእሷ እንባ ግን ሳቁ ካለቀም በኋላ አልቆም አለ። ቀስ ብዬ ብጠይቃት የሁለተኛው መንፈቅ ክፍያ ካልተከፈለ ስሟ ይሰረዛል። በዚያ ላይ ማዶ ካለው ከሐጂያ ሱቅ ቀለምና ብሩሽ በዱቤ ስትወስድ ከርማለች። ሐጂያ የሐረር ሰው ናት፤ ደብተርና እርሳስ ትሸጣለች። ልጅቷ በዚያ በር ላለማለፍ ሰፈሩን ዞራ ነው ለካ የምትገባው!

«ዕዳ ያለብሽን ሰው አትሸሺውም፤ ሰላም ትይዋለሽ» አልኩና ቦርሳውን አስነግቼ ወሰድኳት።

«አንቺ ልጅ!» አለች ሐጂያ። «አገር ለቀሽ የሄድሽ መስሎኝ ነበር። ይሄስ ምንድን ነው፣ የመኪና ሸራ ለብሰሽ መጣሽ?»

«ቡርስ ነው» አልኳት እኔ።

ነገሩን ስትሰማ ጠረጴዛዋን እየደበደበች ሳቀች። ቀጥሎ ንግዷ ትዝ አላትና ስፌቱን በጥፍሯ ሞከረችው።

«ጋሼ፣ ወረቀት የሚገዙኝ ተማሪዎች ነፋሱን ሲራገሙ ነው የሚውሉት። ስድስት ይስፉልኝና የልጅቷን ስም ከደብተሬ ልሰርዝ።»

«አራት።»

«አምስት! አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም ምርቃት።»

«ይሁን።»

ዕዳው እንዲህ ተቃለለ። የቀረው ቡርሱ ነው። ልጅቷ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ስትዞር የሦስት ቡርስ ማስታወቂያ አገኘች። አንደኛው ሁለተኛ ዓመት ለደረሰ ብቻ ነው። ሌላው ለመንግሥት ሠራተኛ ልጆች። ሦስተኛው ለማንም ክፍት ነበርና ቅጹን ይዛ መጣች።

«የአሳዳጊ ሥራ ይላል፤ ምን ልበል?»

«ሥራ የለውም በይ።»

«የአምስት ቦርሳ ትእዛዝ ያለበት ሰውዬ?» አለችና በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር ጽፋ፣ እየሳቀች ዘጋችው።

ለጥያቄ የተጠራች ቀን ሥዕሎቿን በቦርሳው አንግታ ሄደች። እኔ ቤት ሆኜ የሐጂያን ሦስተኛ ቦርሳ ስሰፋ አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ ወጋሁት። ወደ ማታ ገደማ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ሳቋ ተሰማኝ። ከጠያቂዎቹ መሃል አንዲት በዕድሜ የገፉ አስተማሪ ቅጹን ጮክ ብለው አነበቡት አሉ፤ «የአሳዳጊ ሥራ፦ ቡርስ ሰፊ።» ከዚያ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩና፣

«አያትሽ ቡርስ የሚሰፉ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ ምን አመጣሽ?» አሏት።

ሁሉንም ነገረቻቸው። ሳቁ። ሴትዮዋ ግን ተነሥተው ቦርሳውን ዳበሱና፣ «አያትሽ አልተሳሳቱም፤ በእኛም ቋንቋ ቡርስ ማለት ጥንት የገንዘብ መያዣ ከረጢቱ ነው፤ የተማሪው ገንዘብ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው» አሉ። ቀጥለው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ አዩ።

ደብዳቤው ሲመጣ አነበበችልኝ። ድገሚው አልኳት። ሠልሺው አልኳት። የዓመቱ ክፍያ ተሸፍኗል፤ ቀለምና ብሩሹ በራሷ ነው። እሱስ ይሁን፣ ሐጂያ ለሚቀጥለውም ዓመት ቦርሳ ትፈልጋለች።

ደብዳቤውን እዚያው ሸራ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። እኔ የአምስተኛው ማንገቻ ቀርቶኝ ነበርና፣ ዐይኔም የመርፌ ቀዳዳ ስለማይለይ፣ «ነይ ክር አስገቢልኝ» አልኳት።

«እሺ፣ ቡርስ ሰፊው!» አለችኝ።

ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ማዶ ሐጂያ ሰማች። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።