ከክንፉ ፊት፣ በቀኝ በኩል

ስሙኝማ። ከካምፓላው ኤርፖርት፣ ከኢንቴቤ፣ ወደ አዲስ አበባ በቀን የምትበሩ ከሆነ በቀኝ በኩል፣ ከክንፉ ፊት፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ይሄን የሚነግራችሁ አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ ካምፓላ የገባሁት በሞያሌ ዞሬ፣ በአውቶብስ፣ ጉልበቴን አገጬ ላይ አድርጌ ነው። ትምህርቱንም ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ። ግን እዚህ ካምፓላ፣ ካምዎክያ ሰፈር ውስጥ ሀበሻ ሲበር ወንበር የሚመርጥለት እኔ ነኝ።

በምን አወቅህ ካላችሁ፣ ጠይቄ። የምሰራው ኢንተርኔት ቤት ነው፤ ቲኬት አትማለሁ፣ ቼክ ኢን አደርጋለሁ። ከጉዞ የተመለሰውን ሁሉ ሳልመረምር አልለቅም። የት ተቀመጥክ? ምን አየህ? አንዱ ሙሉውን መንገድ ክንፍ ብቻ ሲያይ ሄዷል። ሌላው የመስኮት ወንበር ተብሎ መስኮት የሌለው ግድግዳ ጋ ነው የደረሰው። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ኮሮናው ጋብ ብሎ ኤርፖርቱ እንደተከፈተ፣ እዚሁ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ መጡ። የአርባ ምንጭ ልጅ ናቸው፤ ሀገር ከገቡ አስራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አሁንም ለሰርግ አዲስ አበባ ሶስት ቀን ብቻ ነው የሚቆዩት፣ አርባ ምንጭ አይደርሱም።

«እንግዲያው አባያን ከላይ ይዩት» አልኳቸው። «መስኮት ጋ ልያዝልዎት።»

«መስኮት ይቅርብኝ። ንፋስ ይመታኛል።»

«እትዬ፣ አይከፈትም እኮ።»

«ተሳፍረህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ! ይልቅ ሾፌሩ አጠገብ አርገኝ።»

«የናኪቩቦ መናኸሪያ ታክሲ መሰለዎት? እዛ ሾፌሩ በሩን ዘግቶ ነው የሚነዳው።»

ወረፋ የያዘ አንዱ «እስቲ እግረኛውን ፓይለት ስሙት» አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ደብተሬን ገለጥኩና ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «ቡኒው አባያ፣ ሰማያዊው ጫሞ፣ መሀላቸው የእግዜር ድልድይ። ሰማዩ ከጠራ፣ በቀኝ።»

እትዬ ወደ ደብተሬ ጎንበስ አሉ። «ቡኒ መሆኑን ማን ነገረህ?» አሉኝ።

«ያየ ሰው።»

«በል ያዝልኝ። ካላየሁት ግን እዚህ ወንበር ላይ አትቀመጣትም።»

የሄዱ ቀን ደመና ነበር። ስራ አልሰራሁም፤ በር ላይ ቆሜ ሰማይ ሳይ ዋልኩ። እሳቸው ካላዩት ደብተሬን ማን ያምነዋል?

በሳምንቱ መጡ። ለንፋሱ ብለው አንገታቸውን በነጠላ ጠምጥመው ነበር አሉ የተሳፈሩት። ወረፋው ሁሉ እየሰማ «አየሁት» አሉ። «ደመናው ከፍቶልኝ ቁልጭ ብሎ አየሁት። ቡኒ ነው፣ እንደ ድሮው። አባቴ አሳ የሚያጠምድበት ዳር ይሄ ነው ብዬ አጠገቤ ያለውን ፈረንጅ በእጅጌው ጎትቼ አሳየሁት።» ከዛ ወደኔ ዞረው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ያን ቀን ካምዎክያ ጠበበችኝ። ከዛ በኋላ እግረኛ ፓይለት ያለኝ ሰውዬ ራሱ ወንበር ምረጥልኝ ብሎ መጥቷል፤ ቀኝ፣ ከክንፉ ፊት ሰጠሁት።

የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ የራሴን ወንበር ጽፌያለሁ። ለጉዞ ወረቀት ካመለከትኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቢሮው በሄድኩ ቁጥር መልሱ «ፋይልህ እየታየ ነው» ነው። እኔ እንኳን መሬት ላይ ቆሜ ለሰው ሀገሩን አሳይቻለሁ። እናንተ ፋይሌን መሳቢያ ውስጥ የቆለፋችሁት ሰዎች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እያያችሁ ነው?